ተርጂ የገባለት ባቡር

«መርካቶ የማይጠገን ዕቃ የለም» ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ዛሬውኑ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ በሩን ደብድቤ፣ የሆዴን በነገርኩት ነበር። ችግሩ፣ ይሄን ያላለ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እኔም ብዬዋለሁ። እንዲያውም ሰሞኑን የወረደብኝ መዓት ሁሉ የመጣው ይቺኑ ዓረፍተ ነገር አማቴ ፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ጥርሴን በስቴኪኒ እየጎረጎርኩ በመናገሬ ነው። ሰው ጠግቦ የተናገረው እንደ ቃል እንዳይቆጠርበት የሚያደርግ ሕግ ለምን እንደማይወጣ ይገርመኛል። ስንት የማይረባ ሕግ አለ!

አማቴ ጋሼ ተካልኝ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባቡር ሲነዱ ነው። የድሮውን፣ የድሬዳዋውን ባቡር። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባቡሩም ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየም፣ ጡረታ ወጣ። አሁን መሳለሚያ እኛ ቤት ነው የሚኖሩት። ሚኒባስ ስንሳፈር ሾፌሩን በጎን ገልመጥ አድርገው «ይሄም መሪ ጨብጦ ነጂ ነኝ ይላል» ይሉኛል። በእሳቸው ሃይማኖት እውነተኛ ነጂ መሪ አይጨብጥም። መሪ የሚያስፈልገው መንገዱን ለማያውቅ ሰው ነው።

ወደኛ ሲመጡ ይዘውት የመጡት አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለ። ውስጡ ባቡር ነው። መጫወቻ እንዳትሉ! እኔ አንድ ጊዜ አምልጦኝ «መጫወቻው» ብዬ ስንት ቀን እንዳኮረፉኝ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። «ሞዴል ነው» ይላሉ፣ «ሞ»ዋን ጠበቅ አድርገው። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ለማስታወሻ ትቶላቸው የሄደው ነው። ከፊት ያለው ጎታቹ ብቻውን ከክንድ ይረዝማል። ሲያነሱት የበግ ጠቦት ያክላል። ከኋላው በራቸው የሚከፈት የሚዘጋ ሦስት ፉርጎዎች አሉት። መሰላሉ፣ መያዣው፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይቀር ልክ እሳቸው ይነዱት እንደነበረው ነው። የነሐስ ሐዲድም አለው፤ ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ሳሎኑን ዞሮ፣ በኮሪደሩ አልፎ፣ በኩሽናው በር ፊት ተጠማዞ ይመለሳል።

ሁሉም አለው፤ የሌለው መሄድ ብቻ ነው። ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ ነበር፤ ለሐዲዱ ደግሞ የሚያቀብል ትራንስፎርመር የሚሉት ነገር ነበረው። እሱ ገና አንዴ እንኳ ሳይሰካ ከቤት ወደ ቤት ዕቃ ሲጓጓዝ ጠፋ። ስለዚህ ሲሄድ ያየው ሰው የለም። ይሄን ነገር ደግሞ የድሮ ባልደረባቸው፣ የጣቢያ ሹም የነበሩት ጋሼ በላቸው፣ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። «ተካልኝ እኮ» ይላሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የሞተ ባቡር ሲያስታምም የሚኖር ሰው ነው።» ጋሼ ተካልኝ ተነስተው የሣጥኑን ክዳን ይወለውላሉ።

እንግዲህ የዚያን ቀን ምሳ ላይ የተነሳው ወሬ የዓይናቸው ነበር። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በሌላኛው ላይ ሞራ ወጥቶበት ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ቀጠሮው ለሰኞ ነው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ «እንሞክራለን እንጂ ቃል አልገባም» አላቸው። ጋሼ ተካልኝ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ «ከሰኞ በፊት አንዴ ሲሄድ ባየው ጥሩ ነበር» አሉ።

ባለቤቴ ሰብለ አቀረቀረች። ያኔ ነው እኔ ስቴኪኒዬን ከአፌ አውጥቼ የተናገርኩት።

«ጋሼ፣ መርካቶ እያለ! መርካቶ የማይጠገን ዕቃ የለም። እሁድ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ሲከንፍ ያዩታል።»

እኔ እንግዲህ መርካቶ ዚፕና የልብስ ቁልፍ የምሸጥ ሰው ነኝ። ስለ ባቡር የማውቀው ረጅም መሆኑን ነው። ግን አፌ እንዲህ ካለ በኋላ ማን ይመልሰው? ጋሼ ተካልኝ ወዲያው ስልካቸውን አስደወሉ። «በላቸው! እሁድ ሰዎቹን ይዘህ ና። የሞተው ባቡር ይነሳል።» ምሳዬ ከጉሮሮዬ ሳይወርድ ንግግሬ ቀጠሮ ሆነ።

በማግስቱ ሰብለ «ለባለሙያ ስጠው» አለችኝ። ለምን እንዲህ እንደምትለኝ አላውቅም። ይሄ «ባለሙያ» የሚሉት ቃል ባልን ለማዋረድ የተፈጠረ ይመስለኛል። የላፕቶፕ ቻርጀር ወሰድኩ፣ ጫፉን ቆረጥኩ፣ ሁለቱን ሽቦ ሁለቱ ሐዲድ ላይ አሰርኩ፣ ሰካሁት። እውነቴን ነው፣ ባቡሩ ሄደ! ስንዝር ሄደ። ከዚያ ቆመና እንደ ንብ እምምም ይል ጀመር። ከሆዱ ቀጭን ጭስ ወጣ።

ጋሼ ተካልኝ አጠገቤ ወንበር ላይ ነበሩ። ጭሱ አልታያቸውም፤ ሸተታቸው እንጂ። ፊታቸው በራ።

«ሸተተህ? ሞተር ሲነሳ እንዲህ ነው! ናፍጣ እኮ መጀመሪያ ያጨሳል፣ ኋላ ነው የሚጠራው።»

«አዎ ጋሼ፣ ይጠራል» አልኩ፣ ገመዱን በእግሬ እየነቀልኩ።

«ምንድነው የተቃጠለው?» አለች ሰብለ ከኩሽና።

«ናፍጣ ነው!» አልኳት።

ሰው ዕቃ ሲሠራ «ይሄን ያህል ብቻ ነው የምችለው፣ ከዚህ በላይ አትስጡኝ» ብሎ ትልቅ አድርጎ አይጽፍበትም? በጥቃቅን ፊደል፣ በሆዱ በኩል፣ በሰው አገር ቋንቋ ይጽፋል! ከዚያ ሲቃጠል ጥፋቱ የኔ ይሆናል።

ጎታቹን በነጠላ ጠቅልዬ ከድር ጋ ሄድኩ። ከድር ሱቁ ዱባይ ተራ ካሉት ሕንፃዎች የአንዱ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃ ሥር ነው፤ ገብቶ ለመቆም ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። በሩ ላይ «ማንኛውም ዕቃ ይጠገናል» የሚል ተለጥፏል። ውሸት ነው። ከድር ጠግኖ አያውቅም። ከድር የሚሠራው መቀየር ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገባለት የቡና መቁያ ሆኖ ይወጣል። ፍሪጅ ሲገባ የጫማ ቁም ሣጥን። ራሱ የሚቀመጠው የታክሲ ወንበር ላይ ነው፣ ቀበቶው ሳይቀር አለው። ሁሉም ሰው ግን ወደሱ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ከድር «አይቻልም» የሚለውን ቃል ጨርሶ አያውቀውም። ሰውን የሚያጠፋው ደግሞ ይሄ ነው።

ጎታቹን ፈታው። አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተ።

«ሞተሩ በስሏል። ምን ሰጠኸው?»

«ቻርጀር ነካ አድርጌው ነበር።»

«ነካ?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ የተነካ አይደለም። የተጠበሰ ነው።»

«ይጠገናል?»

«ጥገና ይቻላል። ግን ምን ሲባል? ኮንቨርት እናርገዋለን።» ጣቱን ቀሰረ። «ከሐዲድ መብራት የሚለምን ባቡር ጊዜው አልፏል። መብራት ሲጠፋስ? ሆዱ ውስጥ ባትሪ እንከትለትና ራሱን ይቻል። አገሩ ሁሉ መኪናውን ወደ ኤሌክትሪክ እየቀየረ አይደለም እንዴ? ያንተ ባቡር ምን ቤት ነው?»

«እሱማ ድሮም ኤሌክትሪክ ነበር እኮ!»

«አሁን ደግሞ የባሰ ኤሌክትሪክ ይሆናል።»

«መቼ?»

«ነገ።»

ስለዚች «ነገ» የምትባል ቃል አንድ ነገር ካላልኩ ሐሞቴ ይፈሳል። በሌላው ዓለም ነገ ማለት ዛሬ ሲያልፍ የሚመጣው ቀን ነው። መርካቶ ውስጥ ግን ነገ ቀን አይደለም፣ ሰላምታ ነው። «ነገ ና» ማለት «በሰላም ግባ» ማለት ነው። ይሄን እኔ ባለ ሱቁ፣ ራሴ በየቀኑ ለደንበኛ የምለው ሰው፣ እንደ ገጠር ሰው አምኜ በማግስቱ ሄድኩ። የለም። በማግስቱ ማግስት ሄድኩ። ምሳ ሄዷል። ቤት ስገባ ደግሞ ጋሼ ተካልኝ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «አንተ ልጅ፣ ባቡሩስ?» ልብ በሉ፣ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። «ጋራዥ ነው ጋሼ» እላለሁ። «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ባቡር ቼክ ሳይደረግ አይወጣም» ይላሉ። ሲያምኑኝ ይብስ ያናድደኛል።

በመጨረሻ ከድር ደወለ። «ና፣ ሙሽራህ ደርሳለች።»

ስደርስ ጎታቹ ከሱቁ ፊት፣ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብሏል። ዙሪያውን ሰው ከቦታል። መርካቶ ሰው ለመሰብሰብ ምንም አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ጎንበስ ካለ ይበቃል። ከድር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገለጻ ያደርጋል።

«የውስጡ ሞተር የጭነት መኪና ተርጂ ነው። የመስታወት መጥረጊያውን የሚያንቀሳቅሰው። ስንት ክረምት ዝናብ ሲገፋ የኖረ ሞተር ለሦስት ፉርጎ ይሰንፋል?»

እኔም ኮራሁ። አልዋሽም። ከድር የማስነሻዋን ቁልፍ ተጫነ።

ባቡሩ አንድ ክንድ ወደፊት ሄደ። ቆመ። አንድ ክንድ ወደኋላ ተመለሰ። ቆመ። ወደፊት ሄደ። ወደኋላ ተመለሰ። ለካ ከድር ተርጂውን ሲያስገባ ክንዱን፣ ማጠፊያውን፣ ምኑንም ሳያስቀር ነው ያስገባው። ባቡሩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ መስታወት ይጠርጋል!

ጆንያ ተሸክሞ የቆመ አንድ ኩሊ ሸክሙን ሳያወርድ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ወንድም» አለኝ፣ «ይሄ ባቡር መሄዱ ነው መምጣቱ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። «ከድር! ይሄ ምንድነው?»

ከድር ቅንድቡ እንኳን አልተነቃነቀም። «ደርሶ መልስ ነው» አለኝ።

እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው? እሁድ እየመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን እያስተኮሱ፣ እኔ ከሳሎን ሶፋ እስከ ቴሌቪዥን ድረስ ሲሄድ ሲመለስ የሚውል ባቡር ይዤ ልቅረብ? ጋሼ በላቸው ምን እንደሚሉ እንኳን ታየኝ፦ «ተካልኝ፣ ባቡርህ ረስቶት የመጣው ነገር አለ መሰለኝ።» ጮህኩ። መርካቶን የሰደብኩት ስድብ እዚህ አይጻፍም። ከድር አስጨርሶኝ «ቅዳሜ ጠዋት ና» አለ። ነገ አለማለቱ ትንሽ ተስፋ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ስደርስ ተርጂው ወጥቷል። በምትኩ የገባው ልጆች ቁጭ ብለው የሚነዱት የባትሪ መኪና አንጀት ነው፤ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ሪሞቱ፣ ሁሉም። ሐዲድ ሳይዘረጋ እንዲሞከር ብሎ ከድር የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ የሚሉትን፣ ቆርጦ ጎማ አስመስሎ እግሩ ላይ አስሮለታል። «ለሙከራ ነው፣ ኋላ ይወልቃል» አለ። ሪሞቱን ሰጠኝ። ፉርጎዎቹን ቀጠልንለት። ክብር ተሰማኝ። ተጫንኩ።

ምንም።

ደገምኩ። ምንም። ከድር «ጠበቅ አድርገህ ተጫን፣ አትፍራው» አለኝ። ጠበቅ አደረግኩ። ምንም። ሪሞቱን ከሱሪዬ ጋር አሻሽቼ፣ ተፍ ብዬበት፣ ዞር እንዳልኩ፣ ባቡሩ በራሱ ጊዜ መብራቱን ቦግ አደረገና የልደት ዜማ እየዘፈነ ተፈተለከ። ቀላል ዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ ከፎቁ እስከ ታች መንገዱ ድረስ ይሰማል። ማቆሚያውን ተጫንኩ። ባሰበት።

በዚያው ቅጽበት ከወዲያ ማዶ ጩኸት ሰማሁ። ፊት ለፊታችን የልጆች መኪና የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለ ሱቁ ለአንዲት ሴትዮ ቀይ መኪና እያሳያት ነበር። እሱ ሪሞቱን ይጫናል፣ መኪናው አይሄድም። «ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ ትንሽ ታገሽ» እያለ ይጫናል። እኔ በሌላ በኩል በስጨት ብዬ በተጫንኩ ቁጥር ቀዩ መኪና እየተንደረደረ ሴትዮዋን ያባርራታል። አያችሁልኝ? ለካ ከድር አንጀቱን የገዛው ከዚሁ ሱቅ ነው፤ ሁለቱም ሪሞት ያንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ተቀያይረዋል። እኔ የሱን መኪና እነዳለሁ፣ እሱ የኔን አማት ክብር ይነዳል!

«አቁመው!» አልኩት።

«አንተ አቁመው!» አለኝ። ሁለታችንም በድንጋጤ አብዝተን ተጫንን።

ባቡሩ ሦስት ፉርጎውን እየጎተተ፣ እየዘፈነ፣ የቬሎ ሱቅ ውስጥ ገባ። ለአፍታ ዘፈኑ ታፈነ። ከዚያ በሌላው በር ወጣ። ሲወጣ ግን ብቻውን አልነበረም፤ ከልብስ ማሳያ አሻንጉሊቷ ላይ አንድ ነጭ ቬሎ ገፍፎ፣ ጅራቱን ወለሉ ላይ እየጎተተ ነው። ኮሪደሩ በእልልታ ቀለጠ። ሰው ሁሉ በአንድነት ያጨበጭባል። እኔ የማየው ግን ደረጃውን ነው። ባቡሩ በቀጥታ ወደ ደረጃው ነው የሚሄደው። ደረጃው ወደ ታች ነው። ታች ደግሞ መንገዱ፣ መኪናው፣ ጋሪው።

በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ደረጃው አፋፍ ላይ ስደርስ ሰውነቴን ወረወርኩና በሆዴ ተኝቼ አቀፍኩት። ቬሎው ላዬ ላይ ተጠመጠመ። ባቡሩ እቅፌ ውስጥ መልካም ልደት ይመኝልኛል። ቢያንስ ሃያ ስልክ ቀና ብሎ ሲቀርጸኝ ይታየኛል። ደንበኞቼ ሁሉ በኋላ «ቬሎ ያምርብሃል» ይሉኛል፤ ይሄም መርካቶ ነው።

የቬሎው ባለቤት ዘይነባ መጥታ አናቴ ላይ ቆመች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ትሕትና በተቀላቀለበት ቁጣ፣ «ይሄ ነገ ከሰዓት የሚለበስ ቬሎ ነው። ዚፑ ተገነጠለ እኮ!»

በዚያ ሳምንት ውስጥ ጆሮዬ የሰማው የመጀመሪያው የሚገባኝ ነገር ይሄ ነበር። ዚፕ! ተነስቼ ከነአቧራዬ ሱቄ ሮጬ ምርጡን ዚፕ አምጥቼ፣ እዚያው ቆሜ በእጄ ሰፋሁላት። ስፌቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየች። «አሁን ይሻላል» አለች። ከድር አጠገቧ ቆሞ «ኮንቨርት ሆነ ማለት ነው» አለ። ያኔ መርፌውን በእጄ ይዤ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ፈጣሪ ነው የያዘኝ።

የሪሞቱን ነገር ከድር በአንዲት ቃል ፈታው። «አንተ የሱን ያዝ፣ እሱ ያንተን ይያዝ።» በቃ። ሠራ። ዘፈኑን ግን አላጠፋም አለ። «ሞተሩና ዘፈኑ ያንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱን ብቆነጥጥ ሁለቱም ያለቅሳሉ።» ጎማውን አወለቀልኝ፣ ባትሪውን ሲሞላ ዋለ፣ ነጠላው ተመልሶ ተጠቀለለ፣ ማታ ወደ ቤት ገባሁ።

እሁድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ከንጋት ጀምሮ። የድሮው ትራንስፎርመር ቢኖር ኖሮ፣ ሐዲዱ ቢጠገን ኖሮ፣ ዛሬ ዋጋ አልነበረውም። ባቡሩ ግን ባትሪው ሆዱ ውስጥ ነው። ከድር ትክክል ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ከሆነብኝ ነገር ሁሉ ይበልጥ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከምሳ በፊት መጡ። ጋሼ በላቸው ከፊት፣ ከኋላቸው አንድ ትኬት ቆራጭ የነበሩና አንድ ሐዲድ ጠባቂ የነበሩ፣ ሁሉም በሱፍና በከረባት። ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጋሼ ተካልኝ ደግሞ ለብቻቸው ወንበር ላይ፣ ተላጭተው፣ የድሮ ኮታቸውን ቆልፈው። እኔ ሐዲዱን ዘርግቼ ጨርሻለሁ። ሪሞቱን አነሳሁ።

«ልልቀቀው ጋሼ?»

«ልቀቀው።»

ለቀቅኩት። መብራቱ በራ፣ ጎታቹ ነቅነቅ አለ፣ ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ተሳቡ፣ ሄደ! ሄደና ዘፈነ። ያ የቻይና የልደት ዘፈን ሳሎኑን ሞላው።

ጋሼ በላቸው ዙሪያውን አዩ። «የማን ልደት ነው?»

ማንም አልሳቀም። የጋሼ ተካልኝን ፊት አየሁ። ባቡሩ በፊታቸው አለፈ፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ይሄ የኔ ባቡር አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ባቡር ድምፁ እንዲህ አይደለም።»

ባቡሩን አቆምኩት። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰብለ ኩሽናው በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ነገ ሰኞ ነው። ሐኪሙም ቃል አልገባም።

ያኔ ጋሼ በላቸው ተነሱ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ የሚናገሩትንም አውቀው ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሐዲዱ አጠገብ ተንበረከኩ። የኮታቸውን የደረት ኪስ መሐረብ መዘዙ። ትልቅ፣ የተተኮሰ፣ ነጭ መሐረብ። ጎታቹን ገለበጡት፣ ዘፈኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣታቸው ፈለጉና መሐረቡን ጎስጉሰው ጠቀጠቁበት። ቀና ብለው ዓይናቸውን አጠበቡብኝ።

«አሁን ልቀቅ።»

ለቀቅኩት። ዘፈኑ በመሐረቡ ታፍኖ ቃሉ ጠፋ፣ ዜማው ጠፋ። የቀረው ከሆድ የሚወጣ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ እምር፣ እምር፣ እምር።

ጋሼ ተካልኝ አንገታቸውን መለሱ።

«እሱ ነው» አሉ። «ሽቅብ ሲይዝ እንዲህ ነው።»

«እሱ ነው» አሉ ጋሼ በላቸውም።

ጋሼ ተካልኝ ከወንበራቸው ወረዱ። ሊወድቁ መስሎኝ ዘለልኩ፤ በእጃቸው ከለከሉኝ። ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ በሆዳቸው ተኙና ጉንጫቸውን ከሐዲዱ አጠገብ አደረጉ፤ ያቺን አንዲት ዓይናቸውን ወደ ኮሪደሩ አቅንተው። «ከላይ ስታየው ነው ትንሽ የሚመስለው» አሉ። ባቡሩ ከኮሪደሩ ዞሮ፣ መብራቱን አብርቶ፣ እያጉረመረመ በቀጥታ ወደ ፊታቸው መጣ። ጋሼ በላቸውም ተኙ። ትኬት ቆራጩም፣ ሐዲድ ጠባቂውም ተከተሉ። አራት ሽማግሌ፣ ከነሱፉ፣ ከነከረባቱ፣ ሳሎኔ ወለል ላይ በሆዱ ተደርድሮ።

«ቁጥሩ ታየህ ተካልኝ?»

«ታየኝ።»

እውነት ይታያቸው አይታያቸው ማናችንም አልጠየቅንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የማልረሳው፤ የማልረሳውም በደሉን ነው። ጋሼ ተካልኝ እጃቸውን ዘረጉና «አንተ ልጅ፣ እሱን አምጣ» ብለው ሪሞቱን ወሰዱብኝ። ጋሼ በላቸው ከእሳቸው ፈቃድ ውጪ ባቡር እንዳይነሳ አዘዙ። ትኬት ቆራጩ የመሳፈሪያ ወረቀት የለህም ብለው ከሳሎኑ አስወጡኝ። ከገዛ ሳሎኔ! እኔ፣ በሆዴ ደረጃ ላይ ተጋድሜ ያዳንኩት ሰው! ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ስበግን ሐዲድ ጠባቂው «የኩሽናው መሻገሪያ ጠባቂ የለውም፤ ቁም እዚያ» ብለው የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ እጄ ላይ አስያዙኝ። ቀይ ነበር።

ሰብለ ትሪ ይዛ መጣች።

«ቁሚ» አልኳት።

«እንዴ?»

«ባቡር እየመጣ ነው።»

«ወጡ ይቀዘቅዛል፣ አሳልፈኝ!»

«አይቻልም» አልኳት። ምን ነካኝ ግን? ፎጣውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ባቡሩ እያጉረመረመ በመሃላችን አለፈ፣ ጎታቹ፣ አንዱ ፉርጎ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሰብለ ትሪውን እንደያዘች ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። «ሂጂ አሁን» አልኳት። ቢያንስ አንድ ሰው ትእዛዜን ሰምቶኛል።

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ሰብለ አንድ እጃቸውን፣ እኔ ሌላውን ይዘን ነበር። ሐኪሙ ቀስ አድርጎ አነሳው። ጋሼ ተካልኝ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ሰብለን አይተው ጉንጯን ዳሰሱ፤ እሷ አለቀሰች። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አተኩረው አዩኝ። ከላይ እስከ ታች፣ ደጋግመው፣ ስንት ዓመት በጭጋግ ሲያዩት የኖሩትን ሰው ዛሬ ገና በብርሃን እንደሚያዩት። እንባዬ መጣ። የምስጋና ቃል ጠበቅኩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ደንግጠው፣ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«ባቡር ሳስጠግን ነው ጋሼ» አልኳቸው።